ከማኅፀን የሚመለሰው ድምፅ



ሰው በገደል አጠገብ ቆሞ ቢጣራ የገዛ ድምፁ ተመልሶ ይሰማዋል። ይህን የገደል ማሚቶ የማያውቅ የለም፤ ነገር ግን ማሚቶው አንድ ቀን ገና ያልተወለደውን ሕፃን ከሞት ለማዳን ይጠቅማል ብሎ የገመተ አልነበረም። ዛሬ የምንናገረው በፅንስ አንገት ላይ የሚፈጠረው እንከን አስቀድሞ እንዴት ሊታወቅ እንደ ቻለ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አንዳንድ ፅንስ በአንገቱ ላይ እብጠት ይዞ ያድጋል። ከዚህም አንዱ ዓይነት፥ ሊምፍ የሚባለው ፈሳሽ መውጫ አጥቶ ሲጠራቀም የሚፈጠረው ከረጢት ሲሆን፥ ሲስቲክ ሃይግሮማ ይባላል። እብጠቱ የገዘፈ እንደ ሆነ የአየር ቧንቧውን ይጫናል። ሕፃኑ በማኅፀን ሳለ ኦክሲጅን የሚያገኘው በእትብቱ በኩል ከእናቱ ስለ ሆነ ጉዳት አይደርስበትም። እትብቱ በተቆረጠ ጊዜ ግን የመተንፈሻው መንገድ ተዘግቶ ይገኛል። ቀድሞ ሐኪሙም አዋላጂቱም ይህን የሚያውቁት በዚያችው ደቂቃ ነበር፤ ያን ጊዜ ደግሞ ለመምከር ፋታ አልነበረም።

ስለ ምን በራጅ አልታየም? ቢባል፥ ራጅ አጥንትን እንጂ ለስላሳውን አካል አጣርቶ አያሳይም። ከዚህም በላይ እንግሊዛዊቷ ሐኪም አሊስ ስቲዋርት ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ ባወጡት ጥናት፥ በእርግዝና ጊዜ የሚነሣ ራጅ ለልጁ የካንሰር ሥጋት እንደሚያመጣ አመለከቱ።

መፍትሔው የተገኘው ከሐኪም ቤት ሳይሆን ከባሕርና ከፋብሪካ ነው። የሰው ጆሮ የማይሰማውን ቀጭን ድምፅ ልኮ ማሚቶውን በመቀበል በባሕር ውስጥ የተሰወረ መርከብ ይፈለግ ነበር፤ በፋብሪካም በብረት ውስጥ ያለ ስንጥቅ ይመረመር ነበር። በጦርነቱ ዘመን በእንግሊዝ አየር ኃይል ያገለገሉት የግላስጎው የማዋለድ ሕክምና ፕሮፌሰር ኢያን ዶናልድ፥ በ1955 ዓ.ም. ከሕሙማን የወጡ እባጮችን በመኪና ጭነው ሬንፍሩ ወደሚገኝ ፋብሪካ ወሰዱና በብረት መመርመሪያው ፈተኗቸው። ውሃ ያዘለው ከረጢትና ድፍኑ እባጭ የሚመልሱት ማሚቶ የተለያየ ሆኖ ተገኘ። ከመሐንዲሱ ከቶም ብራውንና ከሐኪሙ ከጆን ማክቪካር ጋር ሆነው የደረሱበትን በ1958 ዓ.ም. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አሳተሙ።

ይህ ልዩነት ለአንገት ምርመራ መሠረት ሆነ። ፈሳሽ ማሚቶ ስለማይመልስ በምስሉ ላይ ጠቁሮ ይታያል፤ ድፍን ሥጋ ግን ይነጣል። እንደዚሁም እብጠቱ ጉሮሮውን ተጭኖ ፅንሱን መዋጥ ሲከለክለው የሽርት ውሃው ከልክ በላይ ይበዛል፤ ይህም ለሐኪሙ ሌላ ምልክት ነው። በ1992 ዓ.ም. ደግሞ ኪፕሮስ ኒኮላይደስና ባልደረቦቻቸው ለንደን ላይ በፅንሱ ማጅራት ያለውን ፈሳሽ ውፍረት በመለካት የክሮሞሶም ጉድለትን መጠርጠር እንደሚቻል ገለጹ። ሆኖም ይህ ልክ ጥርጣሬ እንጂ ፍርድ አይደለም፤ ማጅራታቸው ወፍሮ ታይቶ በጤና የተወለዱ ብዙዎች ናቸውና፥ ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልጋል።

አስቀድሞ ማወቅ ምን ይጠቅማል? በ1990ዎቹ ዓመታት ሐኪሞች አንድ ዘዴ አበጁ። እናቲቱ በማደንዘዣ ተኝታ፥ ማኅፀኗ ተከፍቶ፥ የሕፃኑ ራስና ትከሻ ብቻ ይወጣል። እትብቱ ሳይቆረጥ፥ የእንግዴ ልጁም ሥራውን ሳያቋርጥ፥ ሐኪሞቹ በአየር ቧንቧው ውስጥ መተንፈሻ ያስገባሉ። እትብቱ የሚቆረጠው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ሁሉ ለማሰናዳት ግን ሐኪሞቹ ችግሩን ከወሊዱ ቀን በፊት ማወቅ አለባቸው።

እንግዲህ፥ የተከበራችሁ አድማጮች፥ ማሚቶው ራሱ እብጠቱን አያድንም። የሚሰጠው ጊዜን ነው፤ ቀድሞ በአንዲት ደቂቃ ይወሰን የነበረው ነገር ዛሬ የብዙ ሳምንት ምክር ሊደረግበት ይችላል። ስለዚህ ነፍሰ ጡር እናት ሆዷ እስኪገፋ ሳትጠብቅ በጊዜ ትመርመር የሚባለው ምክር ለወጉ ያህል የሚነገር አይደለም።