ከሕንጻው በፊት ምን ነበረ?
በካርቱም የዓባይ ዳር ሕንጻዎች ስላስነሡት ክርክር

በካርቱም ከተማ ምሥራቃዊ ክፍል አል-ጣኢፍ የሚባል የመኖሪያ ሠፈር አለ። ቀደም ባለው ጊዜ የሠፈሩ ቤቶች በአብዛኛው ግቢ ያላቸውና ዝቅ ያሉ ነበሩ። በ2000ዎቹ ዓመታት ግን በዚሁ ሠፈርና በአቅራቢያው ባሉት በሪያድና በመንሺያ ዝቅተኛው ቤት እየፈረሰ በምትኩ ባለ ብዙ ፎቅ አፓርትመንት ይቆም ጀመር። በዚያው ዘመን በመሐል ከተማ፣ በዓባይ ዳር፣ ሌሎቹን ሁሉ የሚያስንቅ ሆቴል ተሠራ፤ ከሆቴሉም አልፎ ወደ ወንዞቹ መገናኛ ሲል ሌላ ታላቅ የሆቴልና የመኖሪያ ሕንጻዎች ዕቅድ ወጣ። በእነዚህ ሥራዎች ላይ የተነሣው ክርክር ለታሪክ መምህራንና ለተማሪዎች የሚጠቅም ትምህርት ስላለው በዚህ ጽሑፍ ባጭሩ እንመለከተዋለን። ዓመታቱን ሁሉ የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልን።

ካርቱም ለእኛ ሩቅ ከተማ አይደለችም። ከሰከላ ተነሥቶ ጣናን አቋርጦ የሚወርደው ዓባያችን ከነጭ ዓባይ ጋር የሚገናኘው እዚያው ነው። ዐረቦቹም ሥፍራውን አል-ሞግራን ይሉታል፤ ትርጓሜውም መገናኛ ማለት ነው። ብዙ ወገኖቻችንም በስደትም ሆነ በሥራ ምክንያት ለረጅም ዓመታት ኖረውባታል። ስለዚህ በዚያ ወንዝ ዳር የተደረገውን ክርክር ስናጠና የጎረቤታችንን ጉዳይ እያጠናን መሆኑን መዘንጋት የለብንም።

የወንዙ ዳር መንገድ

ካርቱም የተቆረቆረችው በ1821 የግብጹ ገዥ የመሐመድ ዓሊ ጦር ሱዳንን በያዘ ጊዜ ነው። በ1885 የመሕዲ ሠራዊት ከተማዋን ከያዘ በኋላ መናገሻው ወደ ኦምዱርማን ተዛወረ። በ1898 የኪችነር ጦር ድል ካደረገ በኋላ ደግሞ እንግሊዞች ካርቱምን እንደገና ሠሯት። በዓባይ ዳር የገዥው ቤተ መንግሥት፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና በኋላም ግራንድ ሆቴል ተሠሩ። በሆቴሉ አቅራቢያም የአራዊት መጠበቂያ ሥፍራ ተቋቋመ።

ሱዳን በ1956 ነፃ ከወጣች በኋላ ያ መንገድ የአዳዲስ ወዳጆችን ስጦታና ካፒታል የሚቀበል ሆነ። በ1976 በቻይና እርዳታ የተሠራው የወዳጅነት አዳራሽ ተከፈተ። በ2008 በሊቢያ ካፒታል የተሠራው ሆቴል ሥራ ጀመረ። በ2015 ደግሞ ከአሮጌው ቤተ መንግሥት አጠገብ ቻይናውያን የሠሩት አዲስ ቤተ መንግሥት ተመረቀ። እንግዲህ በዚህ አንድ መንገድ ላይ ያሉትን ሕንጻዎች በተርታ የተመለከተ ተማሪ፣ ሱዳን በየዘመኑ ከማን ጋር እንደተወዳጀች ያለ መጽሐፍ ሊረዳ ይችላል። እያንዳንዱ ሕንጻ በማን ገንዘብ ተሠራ የሚለውን ጥያቄ መጠየቅ ብቻ ይበቃዋል።

ነዳጅ ዘይትና ሆቴል

ሱዳን በ1999 ነዳጅ ዘይት ወደ ውጭ መላክ ጀመረች። ዘይቱ ከደቡብ ተነሥቶ 1600 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም ቧንቧ ወደ ቀይ ባሕር ይፈስ ነበር። አሜሪካ ከ1997 ጀምሮ የንግድ ማዕቀብ ጥላባት ስለነበር ገንዘብ ይዘው የመጡት በአመዛኙ የእስያና የዐረብ አገሮች ሆኑ። በጥር 2005 በሰሜንና በደቡብ መካከል የሰላም ስምምነት ከተፈረመ በኋላ የከተማው መሬት ዋጋ ናረ፤ ሕንጻም በየቦታው ይበቅል ጀመር።

በዓባይ ዳር የተሠራው ሆቴል ቡርጅ አል-ፋቲህ ተባለ። ስሙ የሙአመር ጋዳፊን የመስከረም 1969 አብዮት የሚያስታውስ ነው። የሆቴሉ አስተዳደር ኮረንቲያ ለተባለው የማልታ ኩባንያ ተሰጠ። 18 ፎቅና ወደ 230 የሚጠጉ ክፍሎች አሉት። ቅርጹ የጀልባ ሸራ ይመስላል ይላሉ ያደነቁት፤ የከተማው ሰው ግን ብዙም ሳይቆይ «የጋዳፊ እንቁላል» የሚል ስም አወጣለት። ሰው በአደባባይ ለመናገር በማይችልበት ዘመን ቅጽል ስም ማውጣትም አንድ የክርክር መንገድ ነው።

ሆቴሉ የቆመበት መሬት ቀድሞ የአራዊት መጠበቂያው የነበረው ሥፍራ ነው። መጠበቂያው በ1990ዎቹ ዓመታት ተዘግቶ መሬቱ ለሆቴል ተሰጠ። ነገሩን ለተማሪዎቻችን ለማስረዳት በስድስት ኪሎ ያለውን አንበሳ ግቢ ማሰብ ይበቃል። የሀብታምም የደኻም ልጅ በአባቱ ትከሻ ላይ ሆኖ አንበሳ የሚያይበት ሥፍራ ነው። እንዲህ ያለው ሥፍራ አንድ ቀን ታጥሮ በምትኩ የአንድ ሌሊት መኝታው ከመምህር የወር ደመወዝ የሚስተካከል ሆቴል ቢቆምበት፣ የከተማው ሰው ምን ይሰማዋል?

ሁለቱ ወገኖች

በክርክሩ ውስጥ የሁለቱም ወገን ቃል ሊሰማ ይገባል። ሕንጻዎቹን የደገፉት ሰዎች ያቀረቡት ምክንያት የሚናቅ አልነበረም። አገሪቱ በማዕቀብ ተገልላ፣ በጦርነት ደክማ ኖራለች፤ ነጋዴና መልእክተኛ የሚያርፍበት ሆቴል ያስፈልጋታል፤ ግንበኛው፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛውና አስተናጋጁ እንጀራ ያገኛሉ፤ ዋና ከተማ የአገር ፊት ስለሆነች ማማር አለባት ይሉ ነበር። የአራዊት መጠበቂያውም ቢሆን ባረጀ ግቢ ውስጥ አውሬ ከማጎር ቢዘጋ ይሻላል የሚል አይጠፋም።

የተቃወሙት ደግሞ ወንዙ የሁሉ ነው፤ የወንዙ ዳር ለጥቂቶች ሲሰጥ የቀረው ሕዝብ የሚያርፍበት ጥላ ያጣል፤ ከዘይት የተገኘው ገንዘብ በዋና ከተማው ሲፈስ ዳርፉርና ሌላው ጠረፍ በጦርነትና በችግር ውስጥ ነው ይሉ ነበር። ከሁሉ በላይ ደግሞ ማን ተጠየቀ? ሲሉ ጠየቁ። በ1989 ሥልጣን የያዘው የኦማር አል-በሽር መንግሥት ጋዜጦችን ይቆጣጠር ስለነበር፣ መሬቱ ከመሰጠቱ በፊት በነፃ የሚመከርበት መድረክ አልነበረም። ክርክሩ የጦፈው ሕንጻው ከቆመ ወዲያ በሻይ ቤትና በየመንገዱ ዳር ነው። ይህም ክርክር የሟች ቤተሰብ ከቀብር መልስ ስለ ሕክምናው እንደሚያደርገው ጭቅጭቅ ያለ ሆነ።

የሱኑት ጫካ

ሁለተኛው ጉዳይ ገና ሳይሠራ የተከራከሩበት ስለነበር የበለጠ ያስተምራል። በሞግራን አጠገብ፣ በነጭ ዓባይ ዳር፣ ሱኑት የተባለ የግራር ጫካ ነበር። ከ1939 ጀምሮ የተከለለ ደን ሲሆን በየዓመቱ ነጭ ዓባይ ሲሞላ ውሃ ይተኛበታል። የሱንጥ ግራር ለወራት ውሃ ውስጥ ቆሞ የሚድን ዛፍ ስለሆነ ጫካው ይህን ይችለዋል፤ ከሰሜን አገር ክረምትን ሸሽተው የሚመጡ ወፎችም ያርፉበት ነበር።

በ2000ዎቹ አጋማሽ በዚህ አካባቢ አል-ሱኑት የተባለ የልማት ኩባንያ መሥሪያ ቤቶችን፣ ሆቴሎችን፣ አፓርትመንቶችን፣ ቪላዎችንና የጎልፍ ሜዳን ያጠቃለለ አዲስ ከተማ ለመሥራት ተነሣ። በጊዜው የወጡ ዜናዎች ወጪውን 4 ቢሊዮን የአሜሪካ ዶላር ያህል ብለው ገምተውት ነበር። በኩባንያው ውስጥ የካርቱም ክፍለ ሀገር መንግሥትም ድርሻ ነበረው። ዳኛው ራሱ ባለ ጉዳይ ሲሆን አቤቱታ ለማን ይቀርባል? ይህ ጥያቄ በየትም አገር ቢነሣ ተገቢ ነው።

የአካባቢ ጥበቃ ተቆርቋሪዎች የወንዙን መተኛ መሬት መድፈን አደጋ እንዳለው አስጠነቀቁ። ካርቱም የጎርፍን ነገር በሚገባ ታውቀዋለች፤ በ1946ም፣ በ1988ም ታላላቅ ጎርፎች ደርሰውባታል፤ በ2020 ደግሞ የዓባይ ከፍታ መለካት ከተጀመረ ወዲህ ካሉት ሁሉ የበለጠ ሆኖ ተገኝቷል። ወንዝ ቢሸሽም የኖረበትን አይረሳም።

ያልተጠየቁት

ክርክሩ ስለ ዛፍና ስለ አውሬ ብቻ አልነበረም። ሕንጻው ሲያድግ ደኻው ወደ ውጭ ይገፋል። በግንቦት 2005፣ የወንዙ ዳር ዕቅድ በሚነገርበት በዚያው ዘመን፣ ከካርቱም በስተደቡብ በሶባ አራዲ በጦርነት የተፈናቀሉ ሰዎችን ፖሊስ ሊያነሣ ሲሞክር ግጭት ተነሥቶ ፖሊሶችም ነዋሪዎችም ሞተዋል። በናይል መንገድ ጥላ ሥር ሻይና ቡና የሚሸጡ ሴቶችም በየጊዜው በሚደረግ አፈሳ ዕቃቸው እየተወሰደ ይባረሩ ነበር። ከእነዚህ ሴቶች መካከል ከደቡብና ከዳርፉር የተፈናቀሉ፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የተሰደዱም ነበሩ። ከተማዋ ለእንግዳ ስታጌጥ፣ ለእንግዳው መንገደኛ ቡና ያፈሉት ሴቶች እንደ ጉድፍ ተቆጠሩ።

የኋላው ፍርድ

የዘመኑ ሀብት ብዙ አልቆየም። በሐምሌ 2011 ደቡብ ሱዳን ነፃ ስትወጣ ሱዳን ከዘይቷ ሦስት አራተኛ ያህሉን አጣች። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ጋዳፊ ተገደለ፤ ሆቴሉ ግን ቀረ። የሞግራን ዕቅድም ከወረቀቱ ወደ መሬት የወረደው በጥቂቱ ብቻ ነው። በ2019 አል-በሽር በሕዝብ አመፅ ሲወርድ የተዘጋው አፍ ተከፈተ፤ ያለ አግባብ ስለ ተሰጡ መሬቶች የሚመረምር ኮሚቴ ተቋቁሞ ብዙ መሬት ለመንግሥት እንዲመለስ ወሰነ። በጥቅምት 2021 ወታደሮች ሥልጣኑን ጠቅልለው ሲይዙ ግን ይህም ሥራ ተቋረጠ።

ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ጦርነቱ በካርቱም መሐል ፈነዳ። አል-ጣኢፍን የመሳሰሉ የምሥራቅ ሠፈሮች ነዋሪዎቻቸው ሸሹ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በመተማ በኩል ወደ እኛ ዘንድ መጡ። በመስከረም ወር የነዳጅ ዘይት ኩባንያው ረጅም የመስተዋት ሕንጻ ሲቃጠል ዓለም ሁሉ አየው። መደበኛው ጦር ከተማዋን በመጋቢት 2025 መልሶ ሲይዝ የሱኑት ጫካ በአመዛኙ ጉቶ ሆኖ ተገኘ፤ በጦርነቱ ወቅት ለማገዶና ለከሰል ተቆርጧል። ጫካውን ከግንበኛ ያዳኑት ሰዎች ከጦርነት ሊያድኑት አልቻሉም። ቢሆንም ጉቶ ሊያቆጠቁጥ ይችላል፤ በሲሚንቶ የተደፈነ መሬት ግን ይህ ዕድል የለውም። ልዩነቱን ማስተዋል ያስፈልጋል።

ለእኛ የሚሆነው

ይህ ሁሉ የሩቅ ወሬ እንዳይመስለን። በ1998 በአዲስ አበባ ሸራተን ሆቴል ሲከፈት አገራችን ታላላቅ እንግዶች የምትቀበልበት ሕንጻ አገኘች፤ በሥፍራው የነበሩ ነዋሪዎች ደግሞ ከጎረቤታቸውና ከሥራቸው ተለይተው ወደ ዳር ተዛወሩ። በ2018 በለገሀር የአንድ የዐረብ ኢሚሬቶች ኩባንያ ሆቴልና 4000 ያህል መኖሪያ ቤቶች ለመሥራት ዕቅዱን ይፋ ሲያደርግም ተመሳሳይ ጥያቄዎች ተነሥተዋል። ነዋሪው የት ይሂድ? የባቡር ጣቢያው ታሪክ እንዴት ይጠበቅ? ቤቱን የሚገዛው ማነው? እኛ ኮንዶሚኒየም ስንል በዕጣ የሚደርሰውን የመንግሥት ቤት ማለታችን ነው፤ በእነዚህ ረጃጅም ሕንጻዎች ውስጥ የሚሸጠው ቤት ግን ዕጣ የሚያወጣውን ሰው ታስቦ የተሠራ አይደለም።

እኛ ሆቴል አይሠራ አንልም። ጣይቱ ሆቴልም በጊዜው አዲስና እንግዳ ነገር ነበር፤ ዛሬ ግን ቅርሳችን ነው። የምንለው፣ ሕንጻው ከመቆሙ በፊት ሦስት ነገር በግልጽ ይነገር ነው፤ መሬቱ ቀድሞ የማን መገልገያ እንደነበረ፣ የሚሠራው በማን ገንዘብና በምን ውል እንደሆነ፣ የሚነሣው ሰው ደግሞ የት እንደሚሄድና ተጠይቆ እንደሆነ።

ስለዚህ መምህራን ሆይ፣ በሚቀጥለው የታሪክ ክፍለ ጊዜ ተማሪዎቻችን በየከተማቸው ካለው አዲስ ረጅም ሕንጻ አንዱን እንዲመርጡ እናድርግ። ከዚያም በአካባቢው የሚኖሩ ሁለት ሽማግሌዎችንና አንዲት ባልቴት «ከሕንጻው በፊት እዚህ ምን ነበር?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱንም ከነቀኑ በደብተር ይጻፉ። የካርቱም ልጆች ዛሬ በየስደቱ ተበትነዋል፤ የአራዊት መጠበቂያውን በር የሚያስታውሱት ሽማግሌዎችም እያለፉ ነው። የእኛዎቹ ገና በሕይወት ሳሉ ብንጠይቃቸው ይሻላል።