ቁጭ የማይል ልጅ

ስሙኝማ! በ1966 ዓ.ም. ወታደሩ በምግብና በውኃ ምክንያት ያመፀባት ነገሌ ቦረና ውስጥ ነን እንበል፤ ዛሬ ያመፀው ግን የአንድ ልጅ እግር ነው። ሦስት ሆነው በተጣበቡበት ዴስክ ጫፍ ተቀምጧል፤ እግሩ አያርፍም። ቲቸር ጽፎ ሳይጨርስ ልጁ እርሳሱን ጥሏል፤ ሊያነሳ ጎንበስ ብሎ የጓደኛውን የጫማ ማሰሪያ ይፈታል። ደብተሩ ላይ ቀኑ ብቻ አለ። «አንተ ቅብጥብጥ!» ከዚያ አለንጋ፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ቢከለክለውም። ቤት ሲገባ እናቱ፣ «ስኳር ግዛ ብዬ ብልከው ኳስ ሲጫወት አመሸ፤ ምን ለክፎብኝ ይሆን?» ትላለች። አንዷ ጎረቤት ጠበል፣ ሌላዋ ቁርኣን ይቀራበት ትላለች፤ በዱላው ግን ሁሉም ይስማማል።

እስቲ ይህ ልጅ ከብት ኋላ ቢሰማራስ? ጥያቄው የኔ ብቻ አይደለም። ከሞያሌ ወዲያ፣ በሰሜን ኬንያ፣ ማርሳቢት አካባቢ አሪያል የሚባሉ አርብቶ አደሮች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 ዳን አይዘንበርግና ባልደረቦቹ ስለ እነሱ ጥናት አወጡ። ዲአርዲ4 የሚባል ዘረመል አለ፤ አንደኛው ዓይነቱ ከመቅበጥበጥና ከትኩረት ማጣት ጋር ስሙ ይነሳል። ከብት ተከትለው ከሚዞሩት ወንዶች፣ ይህ ዓይነት ያላቸው ከሌላቸው ይልቅ ሰውነታቸው ደህና ሆኖ ተገኘ። አንድ ቦታ ከሰፈሩት መካከል ግን ያላቸው የከሱት ሆኑ። ዘረመሉ ያው፣ ኑሮው ሌላ!

ታዲያ «ትምህርቱን ትቶ ግመል ይጠብቅ» እንዳትሉኝ። የተመዘነው የአዋቂዎች ሰውነት ነው፤ የማንም ልጅ ዕጣ አልወጣበትም። ደግሞ ግመል ጥበቃ ትኩረት አይፈልግም ያለው ማነው? ግመል የጠፋበትን ጠይቁ።

መቅበጥበጡንና ትኩረት ማጣቱን ሐኪሞች ኤዲኤችዲ የሚሉት ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት የጀመረ፣ 6 ወርና ከዚያ በላይ የቆየ፣ ቤትም ትምህርት ቤትም የሚታይ ሲሆን ነው። ክፍል ውስጥ ብቻ ከሆነ መጀመሪያ ዓይኑና ጆሮው ይታይለት።

እናት ሆይ፣ አምስት ትእዛዝ ባንድ ትንፋሽ አትደርድሪበት፤ «ስኳር» በይው፣ ይድገመው፣ ከዚያ ይሂድ። ሲመለስ እዚያው አመስግኚው፤ ለማታ አታቆዪው።

ነገሌም፣ ያቤሎም፣ ፊልቱም ያላችሁ መምህራን፣ ነገ አለንጋውን ትታችሁ ግቡ፤ ያንን ልጅ ከዴስኩ ጫፍ አንስታችሁ ፊት አስቀምጡትና ሰሌዳውን እሱ ይጥረግ።