አንድ ቤተሰብ፣ ሁለት ዓይነት ፓስፖርት፦ ልጁ 19 ዓመት ሳይሞላው ማወቅ ያለባችሁ

የበዓል ሰሞን ሲቃረብ ሁሌም የሚነሳ ጥያቄ አለ፦ «አሜሪካ የተወለደው ልጅ በየትኛው ፓስፖርት ነው አገር ቤት የሚገባው? ሁለቱንም ቢይዝስ?» መልሱ ለሁሉም ቤተሰብ አንድ ስላልሆነ ነጣጥለን እናስረዳችሁ። ስክሪንሹት አድርጋችሁ ያዙት።

👉 ሕጉ ምን ይላል?

ጉዳዩን የሚገዛው የኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ነው። ሦስት ነገር ልብ በሉ።

1. ከእናትና ከአባቱ አንዳቸው ኢትዮጵያዊ ከሆኑ ልጁ የትም ይወለድ በትውልድ ኢትዮጵያዊ ነው። ወሳኙ ጥያቄ «የት ተወለደ?» ሳይሆን «ሲወለድ የወላጆቹ ዜግነት ምን ነበር?» የሚለው ነው። ሁለቱም ከመወለዱ በፊት የአሜሪካ ዜግነት ወስደው ከነበር ልጁ ትውልደ ኢትዮጵያዊ እንጂ የኢትዮጵያ ዜጋ አይደለም።

2. ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት አትቀበልም። አዋቂ ሰው በራሱ ፈቃድ የሌላ አገር ዜግነት ሲወስድ ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን ያጣል። እጁ ላይ የቀረው ፓስፖርት ቀኑ ባያልፍም «ለክፉ ቀን» ተብሎ የሚጓዙበት አይደለም።

3. በትውልዱ ሁለት ዜግነት ያገኘ ልጅ ግን ፈልጎ ያመጣው ነገር ስላልሆነ ሕጉ ጊዜ ይሰጠዋል። 18 ዓመት ከሞላው በኋላ ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ሌላውን ዜግነት ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን እንደሚይዝ ለባለሥልጣኑ ማሳወቅ አለበት። ካላሳወቀ ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል።

ይሄ ሦስተኛው ነው ብዙ ቤት ውስጥ የማይወራው። ወላጅ «ልጄ ሁለቱም አለው» ብሎ ተረጋግቶ ይቀመጣል፣ ልጁ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በትምህርቱ ተጠምዷል፣ 19ኛ ልደቱ ይከበራል፣ በቃ። ዝም ማለትም እንደ ምርጫ ተቆጥሯል። የትኛውን እንደሚመርጥ የራሱ ጉዳይ ነው፤ ግን አውቆ ይምረጥ።

👉 የልጁን ኢትዮጵያዊ ፓስፖርት ለማውጣት

የሁሉም መነሻ የልደት ምስክር ወረቀት ነው። እዚህ አገር ልጅ በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ ወሳኝ ኩነት ላይ መመዝገብ አለበት። ከዚያ የወላጆች መታወቂያ ወይም ፓስፖርት፣ ፎቶና የወላጅ ፈቃድ ይቀጥላል። ማመልከቻው እዚህ በኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት፣ ውጭ ላሉት ደግሞ በኤምባሲ በኩል ነው። የክፍያው መጠን ስለሚቀያየር ከመሥሪያ ቤቱ የራሱ ገጽ ላይ እዩት፤ ደላላ የነገራችሁን ይዛችሁ አትሂዱ።

አንድ ነገር ደግማችሁ አረጋግጡ፦ የልደት ቀኑ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲቀየር በትክክል መቀየሩን። የአንድ ቀን ልዩነት እንኳ ሁለት ሰነድ እንዳይገጣጠም ያደርጋል።

👉 በአሜሪካ በኩል

የአሜሪካ ዜጋ፣ ሁለት ዜግነት ያለው ሕፃን ጭምር፣ ከአሜሪካ ሲወጣም ሲመለስም በአሜሪካ ፓስፖርት መጓዝ አለበት። ልጁ ከ16 ዓመት በታች ከሆነ ዲኤስ-11 የሚባለው ቅጽ ይሞላል፣ ሁለቱም ወላጆች ከልጁ ጋር በአካል ይቀርባሉ። አንዱ መቅረብ ካልቻለ ፈቃዱን ዲኤስ-3053 በሚባለው ቅጽ ላይ በኖታሪ ፊት ፈርሞ ይልካል። ይህ የልጅ ፓስፖርት የሚያገለግለው 5 ዓመት ብቻ ነው። የአዋቂው 10 ዓመት ስለሆነ ወላጆች የልጁም እንደነሱ ይመስላቸውና ትኬት ከተቆረጠ በኋላ ነው ቀኑ ማለፉን የሚያዩት። ወደ ኢትዮጵያ ለመምጣት ፓስፖርቱ ቢያንስ 6 ወር የቀረው ይሁን።

👉 ቪዛ ወይስ ቢጫ ካርድ?

ቢጫ ካርድ ስንል የክትባቱን ማለታችን አይደለም፤ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት የሚሰጠውን የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ካርድ ነው። የውጭ ዜግነት ይዘው ራሳቸው፣ ወላጃቸው፣ አያታቸው ወይም ቅድመ አያታቸው ኢትዮጵያዊ ለነበሩ ሰዎች ነው። ያለ ቪዛ ያስገባል፣ የመኖሪያና የሥራ ፈቃድ አያስጠይቅም። ግን ዜግነት አይደለም፦ መምረጥና መመረጥ አይቻልም፣ በመከላከያ፣ በደኅንነትና በውጭ ጉዳይ መቀጠርም አይቻልም። ለአጭር ጉብኝት ብቻ ለሚመጣ የውጭ ዜጋ ኢ-ቪዛ ይበቃዋል።

👉 ስማችን ለምን ያጣላናል?

እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። የአባት መጨረሻ ስም የራሱ አያት ነው፤ የልጁ ደግሞ የአባቱ አባት። የእናት ሌላ ነው። ሦስት ሰው ሦስት «የቤተሰብ ስም» ይዞ ሲቆም፣ የእኛን ስም አሰጣጥ ለማያውቅ የድንበር ሠራተኛ ዝምድናው አይታየውም። እናት ብቻዋን ልጅ ይዛ ስትጓዝ ጥያቄው ይበዛል። ስለዚህ የልጁን የልደት ምስክር ወረቀትና የጋብቻ ወረቀት በእጅ ቦርሳ ያዙ፤ ሻንጣ ውስጥ አይግባ። አንዱ ወላጅ ከቀረ የፈቃድ ደብዳቤው በኖታሪ የተረጋገጠ ይሁን።

✅ ትኬት ከመቁረጥ በፊት
• ልጁ ሲወለድ የእናትና የአባት ዜግነት ምን ነበር?
• የሁሉም ፓስፖርት የሚያበቃበት ቀን መቼ ነው?
• ስምና የልደት ቀን በሁሉም ሰነድ ላይ አንድ ነው?
• ልጁ 18 የሚሞላው መቼ ነው? ቀኑን ስልካችሁ ካላንደር ላይ አሁኑኑ መዝግቡት።

ውጭ ዘመድ ላላችሁ ሼር አድርጉላቸው። በተለይ ቤት ውስጥ የ17 እና የ18 ዓመት ልጅ ላላቸው።