በብሪክ ሌን የተቀመጡት ወጣቶች



በምሥራቅ ለንደን፣ ብሪክ ሌን በተባለው ጎዳና ላይ አንድ አሮጌ መስጊድ አለ። ሕንጻው በ1743 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ሲሠራ፣ በሃይማኖታቸው ምክንያት ከፈረንሳይ የተሰደዱ ፕሮቴስታንቶች ቤተ ክርስቲያን ነበር። በ1898 ከሩሲያ ግዛት የሸሹ አይሁዶች ምኩራብ አደረጉት። በ1976 ደግሞ ሙስሊሞች፣ አብዛኞቹ ከባንግላዴሽ የመጡ፣ መስጊድ አደረጉት። ሰፈሩ ከጥንትም የስደተኛ ሰፈር ነው ማለት ነው።

በእነዚያ ዓመታት ናሽናል ፍሮንት የሚባል ፓርቲ ጥቁሮችና እስያውያን ከእንግሊዝ ይባረሩ ይል ነበር። ባንግላዴሾቹ በየመንገዱ ይደበደባሉ፤ የሱቃቸው መስተዋት ይሰበራል። ለፖሊስ ማመልከት ፍሬ የለውም ብለው የተዉት ብዙ ነበሩ። ሽማግሌዎቹም «ሠርተን ወደ አገራችን እንመለሳለን፤ ዝም ብንል ይሻላል» ባዮች ነበሩ። ዝምታው ግን ማንንም አላዳነም።

ግንቦት 4 ቀን 1978 አልታብ ዓሊ የተባለ ወጣት የልብስ ስፌት ሠራተኛ ከሥራ ወደ ቤቱ ሲመለስ በጩቤ ተወግቶ ሞተ። ዕለቱ ናሽናል ፍሮንት ዕጩዎች ያቀረበበት የአካባቢ ምርጫ ቀን ነበር። በ10ኛው ቀን 7,000 ያህል ሰው የሬሳ ሣጥን አስቀድሞ፣ ዝናብ እየወረደበት፣ እስከ ጠቅላይ ሚኒስትሩ መኖሪያ እስከ ዳውኒንግ ስትሪት ድረስ በእግሩ ሄደ። በዚህ ጊዜ ሽማግሌውም ወጣቱም አብረው ነበሩ።

እኔን ግን ከሰልፉ ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ተከትሎ የመጣው ነው። ናሽናል ፍሮንቶች በየእሑዱ ገበያ፣ ብሪክ ሌን ከቤትናል ግሪን መንገድ በሚገናኝበት ማዕዘን ቆመው ጋዜጣቸውን ይሸጡ ነበር። የሰፈሩ ወጣቶች ምን አደረጉ መሰላችሁ? ቀድመዋቸው እየደረሱ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጡ። ፀረ ዘረኛ የሆኑ ነጮችም መጥተው አጠገባቸው ተቀመጡ። ነገሩ የእሑድ እንቅልፍን መተው ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ድብደባም እስርም ነበረበት። በሐምሌም ሠራተኛው ሥራ አቁሞ፣ ባለሱቁ ሱቁን ዘግቶ አደመ።

በሚቀጥለው ዓመት በተደረገው አገር አቀፍ ምርጫ ናሽናል ፍሮንት ከ300 በላይ ዕጩ አቅርቦ አንድም ወንበር አላገኘም። ለዚህ ሌሎች ምክንያቶችም ነበሩ፤ ሁሉንም ለብሪክ ሌን ልጆች መስጠት ማጋነን ይሆናል። አልታብ ዓሊ በአቅራቢያው የወደቀበት መናፈሻ በ1998 በስሙ ተሰየመ።

ዘረኞቹ ግን ጨርሰው አልጠፉም። በመስከረም 1993 በዚያው አውራጃ የብሪቲሽ ናሽናል ፓርቲ ዕጩ በ7 ድምፅ ብልጫ የምክር ቤት ወንበር አገኘ። ያን ጊዜ ነዋሪዎች በር ለበር እየዞሩ ሰውን ለምርጫ መቀስቀስ ያዙ። በግንቦት 1994 ሰውየው ያገኘው ድምፅ ከመጀመሪያው ይበልጥ ነበር። ሆኖም ተሸነፈ፤ ባለፈው ጊዜ ከቤታቸው ያልወጡት በዚያ ቀን ወጥተው ነበርና።