ገባቲ፣ የረድ፣ መህር፦ የሶማሌ የእጮኛነት ልማድ በሸሪዓ ሚዛን



የአገር ልማድና የእስልምና ሕግ ይስማማሉ ወይስ ይጋጫሉ የሚለው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ በጥቅሉ ይነሣል፤ መልሱም እንደዚያው ጥቅል ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ በዛሬው ንግግሬ የአንድን ሕዝብ፣ ማለትም የሶማሌ አርብቶ አደሮችን፣ የእጮኛነት ስጦታዎች አንድ በአንድ እመረምራለሁ።

በነባሩ ሥርዓት ጋብቻ የሁለት ወገኖች ቃል ኪዳን ነው። የሽማግሌዎቹ ጥያቄ ተቀባይነት ሲያገኝ የወንዱ ወገን እጮኛነቱን የሚያጸና ገባቲ ይሰጣል። ቀጥሎ በግመል፣ በፈረስ ወይም በገንዘብ የሚከፈለው የረድ ለልጅቱ ቤተሰብ ይገባል። የልጅቱ ወገን በበኩሉ ከብትና የጎጆ ዕቃ ያለበትን ዲባድ ይመልሳል። መህር ግን የሴቲቱ የግል ሀብት ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በሰሜን ሶማሊላንድ የመስክ ጥናት ያካሄደው አይ. ኤም. ሉዊስ እነዚህን ስጦታዎች ለያይቶ መዝግቧቸዋል።

ፊቅህ ለልማድ ቦታ ይነፍጋል ማለት ስሕተት ነው። ግልጽ ድንጋጌን እስካልተቃረነ ድረስ ልማድ ዳኛ መሆኑ ከታላላቅ የፊቅህ መርሆዎች አንዱ ነው። በዚህ መሠረት ገባቲም ሆነ ዲባድ በፈቃድ የተሰጠ ስጦታ እስከሆነ ድረስ የሚያስነቅፈው ነገር የለም። መህር ለሴቲቱ እንዲሰጥ ግን የኒሳእ ምዕራፍ 4ኛ አንቀጽ በግልጽ ያዛል። ስለሆነም የረድ የመህርን ቦታ በወሰደበት ስፍራ የሚፈርሰው የሴቲቱ መብት ነው። መህሩ በስም ተጠርቶ ክፍያው እስከ ፍቺ ወይም እስከ ሞት ሲዘገይ፣ የረዱ ግን ቀድሞ ሲከፈል፣ የሚዛኑ ማጋደል ይታያል።

ሁለተኛው ነጥብ የፈቃድ ጉዳይ ነው። በፊቅህ ዓይን ኺጥባ የተስፋ ቃል እንጂ ውል አይደለም፤ ከኒካሁ በፊት ሁለቱም ወገኖች ሊተዉት ይችላሉ። የሐነፊ መዝሀብ ለአቅመ ሔዋን የደረሰችን ሴት አስገድዶ መዳርን አይቀበልም። ሶማሌዎች በሚከተሉት በሻፊዒ መዝሀብ ደግሞ አባት ድንግል ልጁን የመዳር ሥልጣን ቢኖረውም ፈቃዷን መጠየቁ የተወደደ ነው። ሆኖም አባት የረዱን ተቀብሎ ለዘመዶቹ ካከፋፈለ በኋላ ልጅቱ «አልፈልግም» ብትል፣ እምቢታዋ የወገን ዕዳ ይሆናል። በሕግ ያልታሰረችው ልጅ በግመል ታሰረች ማለት ነው።

ይህ ክርክር በአገራችን ሕግም መልክ አለው። የቃዲ ፍርድ ቤቶች በ1936 ዓ.ም. በአዋጅ ዕውቅና አገኙ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለእጮኛነት የራሱን ድንጋጌዎች አኑሮ ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎች ነፃና ሙሉ ፈቃድ ብቻ እንዲመሠረት ይደነግጋል፤ ተከራካሪዎች ሲስማሙም የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ ይፈቅዳል። የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች አዋጅም ሆነ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. ወጥተዋል።

ውድ ተማሪዎቼ፦ የጋብቻ ውል ወይም የቃዲ መዝገብ ስትመረምሩ «ልማዱ እስላማዊ ነውን?» ከማለታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ስጦታው በማን እጅ ገባ? እጮኛነቱ ቢፈርስ ማን ይመልሰዋል? ሴቲቱ በተፈታች ወይም ባሏ በሞተባት ቀን በእጇ የሚቀረው ምንድን ነው? የስምምነቱም የግጭቱም እውነተኛ መለኪያ በእነዚህ መልሶች ውስጥ ይገኛል።