ፎግ (የእንግሊዝኛ ቃል)

ፎግ በእንግሊዝኛ ቋንቋ በመሬት ወይም በባሕር ወለል ላይ ተኝቶ እይታን የሚጋርድ ወፍራም ጉም ማለት ነው። ቃሉ ስምም ግስም ሆኖ ያገለግላል፤ በምሳሌያዊ አነጋገር ደግሞ የሐሳብ መደናገርንና የነገር አለመጥራትን ይገልጻል። የቅርብ አቻዎቹ ሚስት፣ ሄይዝ እና ስሞግ ናቸው። አራቱም ወደ አማርኛ ሲመለሱ ብዙ ጊዜ «ጉም» ወይም «ጭጋግ» ይባላሉ። በእንግሊዝኛ ግን አንዱ በሌላው ቦታ ሁልጊዜ አይገባም። የሚለያዩት በዋናነት በሁለት ነገሮች ነው፦ ምን ያህል ርቀት ድረስ እንደሚያሳዩና ከምን እንደተሠሩ።

መሠረታዊ ትርጉም

ፎግ በአየር ላይ የተንሳፈፉ እጅግ ጥቃቅን የውሃ ጠብታዎች ክምችት ነው። በአሠራሩ ከደመና አይለይም፤ ልዩነቱ መሬት መንካቱ ነው። ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት መሬት ሙቀቷን ስታጣ፣ ከላይዋ ያለው እርጥብ አየር ቀዝቅዞ ወደ ጠብታነት ይለወጣል። ሞቃትና እርጥብ አየር በቀዝቃዛ ባሕር ላይ ሲያልፍም ይፈጠራል፤ በአሜሪካ የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ የምትታወቅበት የበጋ ጉም የዚህ ዓይነት ነው።

በሚቲዎሮሎጂ አንድ ጉም ፎግ የሚባለው የእይታ ርቀት ከ1,000 ሜትር በታች ሲወርድ ነው። ይህ ወሰን ለአውሮፕላን፣ ለመርከብና ለመኪና ጉዞ ደኅንነት የሚያገለግል በመሆኑ በአየር ሁኔታ ዘገባ ውስጥ ቃሉ በዘፈቀደ አይመረጥም። በዕለታዊ ንግግር ግን ሰዎች ርቀት ሳይለኩ፣ ከፊታቸው ያለው መንገድ ሲጠፋባቸው ፎግ ይላሉ።

ተመሳሳይ ቃላት

ሚስት፦ ከፎግ የሳሳ ጉም ነው። እንደ ፎግ ከውሃ ጠብታ የተሠራ ቢሆንም 1,000 ሜትርና ከዚያ በላይ ያሳያል። በአማርኛ ፊደል ሲጻፍ ባለትዳር ሴትን ከሚያመለክተው ቃል ጋር መመሳሰሉ የአጋጣሚ ጉዳይ ነው። ሚስት ለስለስ ያለ ስሜት ስላለው በማለዳ ተራራ ላይ ለሚታይ ስስ ጉም፣ ዐይን ላይ ለሚያቀርር እንባ እና ከጠርሙስ ለሚረጭ ደቃቅ ውሃ ይነገራል።

ሄይዝ፦ በአቧራ፣ በጭስ ወይም በሌሎች ደረቅ ብናኞች የተነሳ የሚፈጠር የአየር ድፍርስነት ነው። ዋናው መለያው ከውሃ አለመሠራቱ ነው። ሩቅ ያለን ተራራ የሚያደበዝዝ የበጋ አቧራ ሄይዝ እንጂ ፎግ አይባልም። ስለ ደበዘዘ ትዝታ ሲወራም ይህ ቃል ይመረጣል።

ስሞግ፦ «ስሞክ» (ጭስ) እና ፎግ የሚሉትን ቃላት በማጣመር የተፈጠረ ሲሆን የተበከለ አየርን ያመለክታል።

ስሞግ የሚለው ቃል ለምን አስፈለገ?

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የለንደን ነዋሪዎች ከተማቸውን የሚሸፍነውን ቢጫማ አየር «ፎግ» ብቻ ይሉት ነበር። ከውፍረቱና ከቀለሙ የተነሳ በአተር ሾርባ የመሰሉትም ነበሩ። ይሁን እንጂ ከጠብታው ጋር የተቀላቀለው ከቤቶችና ከፋብሪካዎች የሚወጣ የድንጋይ ከሰል ጭስ ነበር። ፎግ የሚለው ስም ችግሩን የተፈጥሮ ጉዳይ ሲያስመስለው፣ ስሞግ ግን የሰውን ድርሻ በግልጽ ያሳያል። ቃሉን በማስተዋወቅ የሚታወቁት በእንግሊዝ አገር የጭስ ብክለትን ይታገሉ የነበሩት ሐኪም ሄንሪ ዴ ቮ ሲሆኑ፣ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1905 ነበር።

እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 5 እስከ 9 ቀን 1952 ለንደን በከባድ ስሞግ ተሸፈነች። ቀዝቃዛ አየር ከከተማዋ በላይ እንደ ክዳን በተቀመጠ ሞቃት አየር ታፍኖ ስለነበር የከሰሉ ጭስ መውጫ አጣ። በመጀመሪያ የሟቾች ቁጥር ወደ 4,000 ተገምቶ ነበር፤ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች እስከ 12,000 ያደርሱታል። ይህ አደጋ እ.ኤ.አ. በ1956 የንጹሕ አየር ሕግ እንዲወጣ ምክንያት ሆኗል።

ምሳሌያዊና ሌሎች አጠቃቀሞች

ብሬይን ፎግ፦ የትኩረት ማጣትን፣ የመርሳትንና የሐሳብ መዘግየትን ስሜት ይገልጻል። የበሽታ ስም ሳይሆን የምልክት መግለጫ ነው። ከኮቪድ-19 በኋላ በስፋት ተሰምቷል።

ፎግ ኦፍ ዋር፦ በጦርነት መካከል ትክክለኛ መረጃ ማጣትን ያመለክታል። ሐሳቡ እ.ኤ.አ. በ1832 መጽሐፉ ከታተመለት ከፕሩሲያዊው የጦር ሊቅ ካርል ፎን ክላውዘቪትስ ጋር ይያያዛል።

ፎጊየስት፦ ፎጊ (ጉማም) ከሚለው ቅጽል የመጣ ነው። «ፎጊየስት አይዲያ የለኝም» የሚል እንግሊዝኛ ተናጋሪ «ጭራሽ አላውቅም» ማለቱ ነው።

ፎጊ ቦተም፦ በዋሽንግተን ዲሲ በፖቶማክ ወንዝ አጠገብ ያለ ሰፈር ነው። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ስለሚገኝበት ጋዜጠኞች መሥሪያ ቤቱን በዚህ ስም ይጠሩታል።

በግስነት ሲያገለግል ደግሞ መስታወት ወይም መነጽር በእንፋሎት መሸፈኑን ይገልጻል። ከዚህም ሌላ ትንኝን ለማጥፋት መድኃኒትን እንደ ጭስ አድርጎ መርጨት ፎጊንግ ይባላል።

ወደ አማርኛ ሲተረጎም

ለተፈጥሮው ክስተት «ጉም» ጥሩ አቻ ነው፤ ለሳሳው ሚስት «ስስ ጉም» ወይም «ጭጋግ» ማለት ይቻላል። ሄይዝን «የአቧራ ጭጋግ» ወይም «የጭስ ጭጋግ»፣ ስሞግን «የተበከለ ጭጋግ» ብሎ ምንጩን መግለጽ ይሻላል።

ምሳሌያዊ አነጋገሩ ግን ቃል በቃል አይተላለፍም። በእንግሊዝኛ ፎግ በአመዛኙ ስለ ማየት ይናገራል፤ ፎግ ውስጥ ያለ ሰው ነገሩ አልታየውም። በአማርኛ «ጉም መዝገን» ሲባል ግን ነገሩ ስለ መያዝ ነው፤ ጉሙ ይታያል፣ እጅ ግን አይጨብጠውም። ስለዚህ ብሬይን ፎግን «የአእምሮ ጉም» ከማለት «የሐሳብ መደነጋገር» ወይም «የአእምሮ መፍዘዝ» ማለት ለአማርኛ አንባቢ ይበልጥ ግልጽ ነው።