ለቤት ሰርቨር የሚሆን አነስተኛ ማዘርቦርድ፦ ከፍጥነቱ በፊት ሙቀቱን ማየት ለምን ያስፈልጋል?

የሶማሊላንድ ዋና ከተማ ሐርጌሳ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1988 በሲያድ ባሬ መንግሥት አውሮፕላኖች ስትደበደብ፣ የሬዲዮ ሐርጌሳ የሙዚቃ ቅጂዎች ከፊሎቹ መሬት ውስጥ ተቀብረው፣ ከፊሎቹ ደግሞ ወደ ጅቡቲና ወደ ኢትዮጵያ ተሻግረው ከጥፋት እንደተረፉ ይነገራል። ዛሬ በከተማዋ የባህል ማዕከል ከ10 ሺህ በላይ ካሴቶች ተጠብቀው ይገኛሉ። በስደት ያለ ዘመድ እንደ ደብዳቤ ድምፁን ቀድቶ የላከበትን ካሴት ያቆዩ ቤተሰቦችም አሉ።

የካሴት ክር ግን ዕድሜ አለው። ድምፁን ወደ ዲጂታል ለውጦ ቤት ውስጥ በሚገጣጠም አነስተኛ ሰርቨር ላይ ማኖር አንዱ መፍትሔ ነው።

ምን ያህል አቅም ያስፈልጋል?

በ24 ቢትና በ96 ኪሎኸርዝ የተቀዳ የ1 ሰዓት ስቴሪዮ ድምፅ 2 ጊጋባይት ገደማ ይይዛል። በዚህ ስሌት እያንዳንዳቸው የ1 ሰዓት ርዝመት ያላቸው 10 ሺህ ካሴቶች 20 ቴራባይት ያህል ይሆናሉ። ይህ ጥቂት ሃርድ ዲስኮች የሚችሉት ነው። ፋይል ለማስቀመጥና ለማጫወት ኃይለኛ ፕሮሰሰር አያሻም።

የትኛው ማዘርቦርድ?

ለትንሽ ሳጥን የተለመደው መጠን 17 በ17 ሴንቲ ሜትር የሆነው ሚኒ አይቲኤክስ ነው። ለሰርቨር የተሠራው ዓይነት በቂ የዲስክ መሰኪያዎች፣ ከርቀት የሚያስተዳድር ቺፕና ኢሲሲ ሚሞሪን የመቀበል ብቃት ሊኖረው ይገባል። ኢሲሲ ሚሞሪ በመረጃ ላይ የሚፈጠርን ጥቃቅን ስህተት ያርማል።

ኢንቴል አቶም ሲ3558 የተሰኘው ባለ 4 ኮር ፕሮሰሰር የሙቀት መጠኑ 16 ዋት ሲሆን፣ ባለ 8 ኮሩ ዚዮን ዲ-1541 ደግሞ 45 ዋት ነው። ልዩነቱ ዓመቱን ሙሉ ያለማቋረጥ ቢቀጥል 250 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይደርሳል። ኤሌክትሪክ ለረጅም ጊዜ በግል ኩባንያዎች የናፍጣ ጄኔሬተር ሲመነጭ በኖረባት ሐርጌሳ ይህ ቀላል ወጪ አይደለም።

ማቀዝቀዙስ?

በብዙዎቹ የሰርቨር ማዘርቦርዶች ፕሮሰሰር ላይ ያለው ሙቀት አስወጋጅ ብረት የራሱ ማራገቢያ የለውም። የተሠራው በመረጃ ማዕከል ውስጥ ከፊት ወደ ኋላ ለሚነፍስ ብርቱ አየር ነው። በቤት ሳጥን ውስጥ ይህ ነፋስ ስለሌለ፣ በብረቱ ክንፎች መካከል አየር የሚያሳልፍ ማራገቢያ በቅርቡ መግጠም ግድ ይላል።

ድምፅ አልባ ተብለው የሚሸጡ ማራገቢያዎች በዝግታ ስለሚዞሩ፣ ተቆጣጣሪው ቺፕ እንደተበላሹ ቆጥሮ ሁሉንም በሙሉ ኃይል ሊያስጮኻቸው ይችላል። መፍትሔው በቺፑ ላይ የተቀመጠውን ዝቅተኛ የፍጥነት ወለል መቀነስ ነው።

ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። ሐርጌሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ከወደብ ከተሞች የሳሳ ነው፤ የሳሳ አየር ደግሞ አነስተኛ ሙቀት ይሸከማል። አሽሬ የተሰኘው የአሜሪካ መሐንዲሶች ማኅበር ለብዙ ሰርቨሮች ካስቀመጠው የ35 ዲግሪ ሴልሺየስ ጣሪያ ላይ፣ ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ይቀነሳል። በዚህ መሠረት ጣሪያው በሐርጌሳ ወደ 33 ተኩል፣ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ ደግሞ ወደ 30 ዝቅ ይላል።

አቧራን ለመከላከል አየር ማስገቢያው ላይ ማጣሪያ መግጠምና በየጊዜው ማጽዳት፣ ለመብራት መቆራረጥም ዩፒኤስ ማዘጋጀት ይመከራል።

ሆኖም በሚገባ የቀዘቀዘ ሰርቨርም ሊሰረቅ ወይም ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ ሁለተኛው ቅጂ ከቤት ውጭ፣ ቢቻል በሌላ ከተማ መቀመጥ አለበት። የሬዲዮ ሐርጌሳ ቅጂዎችም የተረፉት በአንድ ቦታ ብቻ ስላልተቀመጡ ነው።